ከነጩ ጋር የጠፉ ቤቶች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ሽኝት አደረጉልኝ። ኬክ ተቆረሰ፣ ስጦታ ተሰጠኝ፣ አለቃውም ስለ ትጋቴ ጥቂት ተናገረ። ከዚያ አጠገቤ የምትሠራው ወጣት፣ ሜሮን፣ ፎቶዬን በትልቁ ስክሪን ላይ አወጣችው። ጠረጴዛዬ ላይ እንዳለሁ ያነሳችኝ ነው። "እዩ እንግዲህ!" አለችና አንድ ቦታ ነካ ስታደርግ ከኋላዬ የነበረው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። እኔ ብቻዬን በአበባ መሃል ቀረሁ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔ ግን ክው አልኩ።

"ከኋላዬ ምን ነበር?" አልኳት።

"ምንም የለም እኮ እትዬ ዘነቡ። ግድግዳ ነው።"

"አይተሽዋል? ቆጥረሽዋል?"

"ኧረ እትዬ ዘነቡ! ዋን ክሊክ እኮ ነው፤ ሲስተሙ ራሱ ያውቀዋል።"

ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፤ የያዝኩትን የኬክ ሳህን ግን ሳልቀምሰው አስቀመጥኩት። አሮጊቷ ቴክኖሎጂ ፈርታ ነው ብለው እንዳይሄዱ ሰጋሁ። ቴክኖሎጂ አልፈራም። እነሱ ሳይወለዱ፣ ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ በነበረች አንዲት ቢሮ ውስጥ፣ የሥዕል ጀርባ ማጥፋት ሥራዬ ነበር። የምፈራው ማጥፋትን ነው።

ሥራ የጀመርኩት በታይፕ ጸሐፊነት ነው። በመጀመሪያው መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ፕላን የሚነደፍበት ሰፊ ክፍል ነበር፤ መስኮቶቹ ትልልቅ፣ ጠረጴዛዎቹ ዘመም ያሉ። ጋሼ ይልማን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሹራባቸውን በጥርም በሐምሌም የማያወልቁ ፕላን ነዳፊ ነበሩ። እጄ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር እንደሚችል ያዩልኝ እሳቸው ናቸው። የሚመታ ጽሑፍ በማይኖርበት ሰዓት ጠርተው ወረቀት ያስይዙኝ ጀመር፤ ቆይተው ቀለም አስያዙኝ፤ በመጨረሻ ምላጭ።

በዚያ ዘመን በቀለም የተሰመረ መስመር ሲሳሳት የሚጠፋው በምላጭ ተፍቆ ነው። ጋሼ ይልማ ምላጩን ከማንሳታቸው በፊት ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ያነሱና በብርሃን ያዩታል። ከዚያ ሊፍቁ ባሰቡበት ቦታ ዙሪያ ያለውን ሁሉ፣ ቤቱን፣ ዛፉን፣ የውኃ ጉድጓዱን፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይቆጥራሉ። ፍቀው ሲጨርሱም እንደገና ይቆጥራሉ። ካልገጠመላቸው ምሳም አይበሉ። ሌሎቹ ነዳፊዎች "ጋሼ ዳዊት እየደገሙ ነው" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

"ምን ያስፈራዎታል ጋሼ? አንዲት መስመር እኮ ናት" አልኳቸው አንድ ቀን።

"የሚያጠፋ ሰው መፍራት አለበት ልጄ" አሉኝ። "የሳልሽው ነገር ቢሳሳት ይታያል፤ ያየ ሰው ያርምሻል። ያጠፋሽው ግን አይታይም። ማን ያርምሻል?"

ሌላም ልማድ ነበራቸው። በደንቡ መሠረት በቀለም የሚሞላው የይዞታ ካርታ ያለው ቤት ብቻ ነው። ካርታ የሌለው ቤት ፕላን ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ ይቀራል። ጋሼ ይልማ ግን እነዚያንም ቤቶች በስሱ እርሳስ ያወጧቸውና ውስጣቸውን በጭረት ይሞሏቸዋል። አለቆች ሲቆጧቸው "በቀለም አትሣል ተባልኩ እንጂ በእርሳስ አትሣል አልተባልኩም" ይላሉ፤ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳይነቅሉ።

መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሲቀንስ እሳቸው ቀድመው ወጡና አንድ የግል አማካሪ ድርጅት ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ እኔንም አስጠሩኝ። መጀመሪያ ኦሎምፒያ አንድ ፎቅ ላይ ነበርን፤ በኋላ ሩዋንዳ ግቢ ያለው ቪላ ተከራየንና ተዛወርን። ደመወዙ ከመንግሥቱ ይሻል ነበር። ሰርቪስ መኪናም ነበረን፤ እኔን ሲያስጨንቀኝ የኖረ ሰርቪስ።

ምክንያቱ ቤቴ ነው። የምኖረው ከገርጂ ወዲያ፣ ባሕር ዛፉን አልፎ፣ ጨረቃ ቤት ውስጥ ነበር። ጨረቃ ቤት የሚባለው ያለ ፈቃድ በአንድ ሌሊት ተተክሎ ጣሪያ ደፍቶ የሚያድር ቤት ነው። እኔና ባለቤቴ ለኪራይ የምንከፍለው ሲያቅተን ከአንድ ገበሬ ላይ ቁራሽ መሬት ገዝተን ሠራን። ባለቤቴ ክፍለ ሀገር ነበር የሚሠራው፤ ልጆቼን ይዤ እዚያ የማድረው ብቻዬን ነው። ከቤታችን ቀጥሎ የነበሩት ከወሎ የመጡት ከድጃና ባሏ ሰይድ ናቸው። ሰይድ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም ይሸጣል። ግድግዳዬን ያቆመልኝ እሱ ነው፤ ጭቃውን አብራኝ የረገጠችው ከድጃ ናት።

እዚያ ሠፈር የኖረ ሰው ፍርሃት ምን እንደሆነ ያውቃል። ከባድ መኪና ድምፅ ሲሰማ ሴቱ ሁሉ ከየቤቱ ይወጣል። በር ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ ተደርጎ ከተገኘ ዕቃ ማውጣት ነው። አንድ ጊዜ በታችኛው በኩል ሲያፈርሱ ልጄ የደብተር ቦርሳውን አንግቶ አልጋ ሥር ገብቶ አገኘሁት። መሥሪያ ቤት ግን አንድም ሰው አያውቅም። የት ትኖሪያለሽ ሲሉኝ "ወደ ገርጂ" ብዬ ዝም ነው። ከሰርቪሱ አስፋልቱ ላይ እወርድና መኪናው እስኪሰወር ጫማዬን የማስር መስዬ እቆማለሁ። መልሰው እንዳይጠይቁኝ ስል እኔም የማንንም ቤት ጠይቄ አላውቅም።

ዘጠናዎቹ ገና ሲገቡ ኢንጂነር ሳሙኤል የሚባል አለቃ መጣልን። ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ነው። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ፊት ለፊት ግን እርስዎ ነበር የምንለው። ክፉ ሰው አልነበረም። ቁጣው ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ይበርዳል። ሁሉም ነገር እንዲያምር ይፈልጋል። ከእሱ ጋር ስካነርና ፕሮጀክተር መጡ፤ የስላይድ ማዘጋጃው ፕሮግራምም መጣ። ታይፕ ስለምችል ኮምፒውተሩ ለእኔ ተሰጠ። መጀመሪያ ሰሞን ማውዙን ስነካ እንኳ የሚፈነዳ ይመስለኝ ነበር።

ኢንጂነሩ ለስላይዶቹ ሁሉ ጥቁር አረንጓዴ መደብ መረጠ። ፎቶና ፕላን እዚያ ላይ ሲለጠፍ ግን ነጭ የወረቀት አራት ማዕዘን ይዞ ይመጣል። "ይሄ ልብስ ላይ የተለጠፈ እራፊ ይመስላል፤ አጥፊልኝ" ይለኛል። መላውን ከመመሪያው መጽሐፍ ላይ ፈልጌ አገኘሁት። ሥዕሉን ስትመርጪ ከምትወጣው ሰሌዳ ላይ ብዕር የመሰለች ምልክት አለች። እሷን ይዘሽ ነጩን አንዴ ስትነኪው ነጭ የሆነው ሁሉ እንደ መስታወት ያሳልፋል፤ ከሥር ያለው አረንጓዴ ይታያል። መጀመሪያ ያደረግኩት ቀን ቢሮው ሁሉ ተሰብስቦ አየ። ጋሼ ይልማም መጡ። ቆመው ቆመው "የትኛውን ነጭ እንደሚያጠፋ በምን ያውቃል?" አሉ።

"አያውቅም ጋሼ። ነጭ ከሆነ ሁሉንም ነው።"

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ።

ጥያቄያቸው ልክ እንደነበር ቶሎ ታየኝ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ፎቶ ላይ ነጩን ስነካ ደረቱ አረንጓዴ ይሆናል፤ የዓይኑ ነጭና ጥርሱም ይቦረቦራል። እንዲህ ያለውን በእጄ እየሞላሁ አስተካክል ጀመር። የቆየ ወረቀት ደግሞ ሌላ ችግር ነበረው። ብዕሯ የምታጠፋው አንድን ቀለም ብቻ ነው፤ ቢጫነት የጀመረው ወረቀት ግን ብዙ ዓይነት ነጭ አለው። አንዱን ስታጠፊ ሌላው እንደ ቋቁቻ ይቀራል። መድኃኒቱ ሥዕሉን ማፍካት ነበር። ብርሃኑን ትጨምሪለታለሽ፤ ትጨምሪለታለሽ፤ ወረቀቱ በሙሉ አንድ ዓይነት ነጭ ሲሆን ያኔ ትነኪዋለሽ። በዚህ ዘዴዬ በጣም እኮራ ነበር።

ከዚያ የመንገዱ ሥራ መጣ።

በምሥራቅ በኩል አዲስ መንገድ ሊወጣ ታስቦ ድርጅታችን ሁለት አማራጭ መስመሮችን አጥንቶ እንዲያቀርብ ተሰጠው። ፕላኑን የነደፉት ጋሼ ይልማ ናቸው። አንደኛው መስመር በላይ በኩል ነው፤ ሁለተኛው በታች፣ በወንዙ አጠገብ። ታችኛው የቆዩ፣ ካርታ ያላቸው ቤቶች መካከል ያልፋል። ላይኛው የሚያልፈው በእኛ ሠፈር ላይ ነበር።

ፕላኑ ጠረጴዛዬ ላይ ሲዘረጋ አወቅሁት። ባሕር ዛፉ፣ ከዚያ በጋሼ ይልማ እርሳስ የተጫረች ትንሽ ሳጥን፣ ከጎኗ ሌላ ሳጥን። የእኔና የከድጃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን ወደዚያ ጥግ አላዞርም ነበር። ሰው ዓይኔን ተከትሎ ቤቴን የሚያገኝብኝ ይመስለኝ ነበር። ብቻ የእርሳሱን ጭረት ተስፋ አድርጌያለሁ። ኃላፊዎቹ ይህን ሁሉ ቤት ሲያዩ መስመሩን ያዞሩታል እያልኩ እጸልያለሁ።

ቀያሾች ባለሦስት እግር መሣሪያቸውን ይዘው ሠፈራችን መጥተው ነበርና ከድጃ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ዘነቡ፣ አንቺ ቢሮ ነው የምትሠሪ። ምን ሰማሽ?"

"ምንም አልሰማሁም።"

"ወላሂ በይ።"

"ከድጃ ሙች፣ ምንም።"

በራሷ ስም ምዬ ዋሸኋት። ቆርቆሮዋን ከቀየረች ገና ወሯ ነበር።

ስላይዱን የሠራሁት በዚህ ሁኔታ ነው። ፕላኑ የቆየ ወረቀት ላይ ስለነበር ቢጫ ሆኖ ወጣ፤ ጥጉ ላይም የሻይ ነጠብጣብ አለበት። ኢንጂነሩ ከኋላዬ ቆሞ "አፍኪው፣ አፍኪው፣ ገና ነው" ይለኛል። አፈካሁት። ነጩን ነካሁት። የሻይ ነጠብጣቡም ቢጫውም ጠፋና ሁለቱ መስመሮች በአረንጓዴው ላይ ጥርት ብለው ቀሩ። "አሁን ሥራ ሠራሽ!" አለኝ። ወደዚያ ጥግ አላየሁም። አልቆጠርኩም።

ስብሰባው በቦሌ መንገድ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር። የሚመለከታቸው ኃላፊዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢያቸው ወፍራም መነጽር ያደረጉ አዛውንት ናቸው። እኔ ከኮምፒውተሩ ጋር ከፕሮጀክተሩ ኋላ ነኝ። ጋሼ ይልማ መጠቆሚያ ዘንግ ይዘው ከስክሪኑ ጎን ቆመዋል። የትኛው መስመር እንደሚያዝ የሚወሰነው በዚያ ቀን ነበር።

የፕላኑ ስላይድ ሲመጣ አዳራሹ "አቤት!" አለ። በእውነት ያምር ነበር። ኢንጂነሩ "የታችኛው መስመር እንደምታዩት በርካታ ነባር ቤቶችን ይነካል" አለ፤ እነሱ በቀለም የተሞሉ ስለሆኑ ወለል ብለው ይታያሉ። "የላይኛው ግን በአብዛኛው ክፍት መሬት ነው" ሲል ጋሼ ይልማ ዘንጉን ወደ ላይኛው አነሱ። ከንፈራቸው እንደ ልማዳቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። እየቆጠሩ ነው። ከዚያ ቀጥ አለ።

ዞረው አዩኝ።

ያን ጊዜ ነው ወደዚያ ጥግ ያየሁት። ሠፈራችን የለም። የእርሳሱ ጭረት ሳፈካው አብሮ ነጥቷል፤ ነጩን ስነካው አብሮ ጠፍቷል። በቦታው ያለው አረንጓዴ ነው፤ ከብት የሚግጥበት ለምለም መስክ ይመስላል። ልጆቼ በዚያች ሰዓት እዚያ መስክ ውስጥ ምሳቸውን እየበሉ ነበር።

"ስለዚህ እዚህ ላይ የሚነሳ ሰው የለም ማለት ነው?" አሉ ሰብሳቢው።

"በጣም ጥቂት ቢሆን ነው" አለ ኢንጂነሩ። ስክሪኑን አይቶ ነው የተናገረው፤ ያየውን ነው ያነበበው።

ብናገር ከሥራ እባረራለሁ፤ ቤቴንም አስታውቃለሁ። ዝም ብል ደግሞ ዶዘሩ ሲመጣ ካርታ ለሌለው ሰው ካሳም ምትክ ቦታም የለም። ጋሼ ይልማ አሁንም ያዩኛል። "ቁጠሪ" የሚሉኝ መሰለኝ። ስላይዱን አቋረጥኩት።

"ዘነበች፣ ምንድነው የምትነኪው?" አለ ኢንጂነሩ።

ከዚያችው ከብዕሯ አጠገብ ሥዕሉን ወደ ነበረበት የሚመልስ ምልክት አለ። ማውዙ በእጄ ላብ እየተንሸራተተ ሁለት ጊዜ ሳትኩት። በሦስተኛው አገኘሁት። ያ ሁሉ ውበት ጠፋና ቢጫው ወረቀት ከነሻይ ነጠብጣቡ አዳራሹ ፊት ተደቀነ። አንድ ሰው ሳቀ። ኢንጂነሩ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

ሰብሳቢው ግን ከወንበራቸው ተነስተው ወደ ስክሪኑ ቀረቡ። "እነዚህ የእርሳስ ጭረቶች ምንድን ናቸው?"

ኢንጂነሩ መልስ ፍለጋ ወደ ጋሼ ይልማ ዞረ። ሰብሳቢውም "እርስዎ ነዎት የነደፉት?" አሏቸው።

"አዎን" አሉ ጋሼ ይልማ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ። እንጀራቸውን ፈርተው ነው አልኩ በልቤ።

"ቤቶች ናቸው" አልኩ። "ሰው ይኖርባቸዋል። እኔ ሳፈካው ነው የጠፉት።"

"አንቺ በምን አወቅሽ?"

"አንዱ የእኔ ቤት ነው፣ ጌታዬ።"

ከዚያ በኋላ የተባለውን በደንብ አላስታውስም። ውሳኔው ለሌላ ቀን ተላለፈ። በማግስቱ ኮምፒውተሩ ለሌላ ሰው ተሰጠና ወደ ታይፑ ተመለስኩ። ኢንጂነሩ አላባረረኝም፤ ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ቤት ገብቼ ለከድጃ ሁሉንም ነገርኳት። ጮኸችብኝ፣ ከዚያ አቅፋኝ አለቀሰች። ለሳምንታት መኪና በተሰማ ቁጥር ሁለታችንም በር ላይ ነን። ሠፈራችንን በገዛ አፌ ጠቁሜያለሁና፣ ቢፈርስ በእኔ ነው የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጠዋት የቀበሌ ሰዎች መጡ። መጀመሪያ ያየሁት እጃቸውን ነው፤ ቀለም አልያዙም። ቤቶቹን መዝግበው ሄዱ።

መንገዱ በታችኛው መስመር እንዲያልፍ ተወሰነ። በሠፈራችን ሴቱ እልል አለ። እኔም እልል ብያለሁ።

ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ጋሼ ይልማ ፈቃድ ጠየቁ። ምን ሆነው ነው ብዬ ጠረጴዛቸው ጋ ሄድኩ።

"ዕቃ ላጓጉዝ ነው" አሉኝ። "ቤት ለቅቄያለሁ።"

"ከየት ነው የሚለቁት?"

"ከወንዙ አጠገብ" አሉ።

ይህን ሁሉ ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ቤታቸው የት እንደሆነ አልጠየቅሁም ነበር። እሳቸው እርሳሳቸውን መቅረጽ ቀጠሉ።

የተሰጣቸው ምትክ ቦታ ከከተማው ርቆ በምሥራቅ ጫፍ ነው። ልጠይቃቸው ለመሄድ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ፊታቸውን ማየት ፈርቼ ነበር። ስደርስ ግቢው ገና አልታጠረም። ከድሮው ግቢ ነቅለው ያመጡትን የኮክ ችግኝ ሊተክሉ ጉድጓድ እየቆፈሩ ነው። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ።

"ያን ቀን ለምን መቁጠሬን እንዳቆምኩ ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

"ቤቶቹ መጥፋታቸውን እኔ እንዳይ ብለው ነው።"

"አይደለም ልጄ። መጀመሪያ ታችኛውን ነው የቆጠርኩት፤ ቤቴ ላይ ደርሻለሁ። ወደ ላይኛው ስሄድ ሁሉም ጠፍቷል። ዝም ካልኩ ቤቴ ሊተርፍ ነው። ዝም ልል ነበር። አንቺን ያየሁሽ እንዳትናገሪብኝ ፈርቼ ነው።"

ያን ሁሉ ድፍረት ያገኘሁት ከዚያ ዓይን ነበር። ቁጠሪ ያሉኝ መስሎኝ ነበር።

"ቤቴ የት እንደሆነ ብታውቂ ኖሮ ሥዕሉን ትመልሺው ነበር?" አሉኝ።

ጡረታ ወጥቼም ይህችን ጥያቄ ራሴን እጠይቃለሁ። እሳቸው ግን መልሴን አልጠበቁም። "በይ ቀጥ አድርገሽ ያዥልኝ" ብለው ችግኙን አስያዙኝና አፈሩን መለሱ። በእግራቸው እየረገጡት ቀና ሲሉ ከንፈራቸው እንደገና ሲንቀሳቀስ አየሁ። በአዲሱ ሠፈር እዚህም እዚያም የተሠሩትን ቤቶች እየቆጠሩ ነበር።